እጄን ያወጣሁ ዕለት

ስምንት ዓመት ሙሉ በክፍለ ከተማው ምክር ቤት ከኋላ ወንበር ፈቀቅ አላልኩም። ፓርቲው ስሜን ከዕጩዎቹ ዝርዝር መጨረሻ የከተተው ለጌጥ ነበር፤ ጎትቶ ያወጣኝ ያገሬ ሰው ነው። እዚህ ኖርዌይ መራጭ ደስ ባለው ስም ላይ ምልክት ማድረግ ይችላል። የወሎ ሰው ደግሞ አንዴ ከተነሳ ማን ይመልሰዋል? አንዱ ታክሲ ነጂ አክስቶቹን በሙሉ ጭኖ አስመርጦኛል።

ቶየን ሰፈር ውስጥ ኮሙኑ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ለእናቶቻችን የፈቀደላቸው አንድ ክፍል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሌላውን ቀን ወሬያቸው አራተኛ ፎቅ ቤታቸው ውስጥ ከግድግዳ ጋር ነው። ክፍሉ ሊዘጋ ነው ሲባል፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እናት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ይችን ክፍል አደራ!» አሉኝ። ኖርዌጂያን ቢሆን «እናየዋለን» ብሎ ያልፍ ነበር። እኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው እንዲያ ማለት ነውር ነው። እኔ ጅሉ፣ «ለኔ ይተዉት፣ እማማ» አልኩ።

ከስብሰባው በፊት የፓርቲያችን ሰዎች ለብቻ ይመክራሉ። እዚያ ተከራከርኩ፤ ወላሂ፣ ለመንኩም። የቡድኑ መሪ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ ፈገግ ብላ «ይገባኛል፤ ግን ተወስኗል» አለችኝ። የክፍሉ መዘጋት ከበጀቱ ጋር ተጠቅልሏል። የምንበልጠው ባንድ ድምፅ ነው። እኔ ካፈነገጥኩ በጀቱ ይወድቃል፣ ባርነሃገኖቹም፣ የሕፃናት መዋያዎቹ፣ ሠራተኛ ያጣሉ። ወደፊት ገደል፣ ወደኋላ ገደል! ያን ሰሞን እንቅልፍም ምግብም አስጠላኝ። ለእናቶቹ ደውዬ እውነቱን እንዳልነግራቸው አፈርኩ።

በስብሰባው ቀን ሊያግዙኝ መጡ። ሻሻቸውን አሳምረው የተመልካቹን ወንበር ሞሉት። መውጫው በር በነሱ በኩል ነው፤ ሽንት ቤት እንኳ ለመሄድ ፈራሁ።

ሰብሳቢው በኖርስክ ቋንቋ «በጀቱን የምትደግፉ» አለ። እጄን አወጣሁ።

ኖርስኩ አይገባቸውም። የኔን እጅ ሲያዩ ለነሱ ያወጣሁ መሰላቸውና እልልታው ቀለጠ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ቢደበድብ ማን ሰምቶት! የፓርቲዬ ሰዎች ዞረው እያዩ አጨበጨቡልኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሲያበቃ እማማ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግራና ቀኝ ሳሙኝ።

«አላህ ያክብርህ፣ ልጄ። አላሳፈርከንም» አሉኝ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«አሚን» አልኩ።