የእህቱ ድርሻ

ተማሪዎቹ «አንቀጽ» ብለውታል። አርፍዶ የመጣ ሁሉ ሰበብ ሲደረድርለት «በየትኛው አንቀጽ?» ስለሚል ነው። ታሪክና ሥነ ዜጋ ሲያስተምር ፀጉሩ ሸበተ። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖረው ወላጆቹ ትተውት ባለፉት ቤት ነው። ታናሽ እህቱ ከሴት ልጇ ጋር አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ስለ ቤቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ዘንድሮ የእህቱ ልጅ እሱ የሚያስተምርበት ክፍል ደረሳት።

የውርስ ትምህርት ዕለት ሰሌዳው ላይ «ወንድና ሴት ልጆች እኩል ይወርሳሉ» ብሎ ጻፈና «እሺ፣ ጥያቄ?» አለ። ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ወንድምየው ቤቱን ብቻውን ይዞት ቢኖርስ? እህትየው ኪራይ እየከፈለች?»

«ድርሻዬን ትላለቻ!»

«ወንድሟን ፈርታ ዝም ብትልስ?»

ከኋላ አንዱ «አንቀጽ ዛሬ ጉድ ፈላበት!» ሲል ክፍሉ በሳቅ አወካ። ማን ስለ ማን እንደሚያወራ ግን የገባቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የኛ ትምህርት አይደለም» አለና ገጽ ገለጠ። ልጅቷ ተቀመጠች፤ ዐይኗን ግን ከፊቱ ላይ አላነሳችም።

አመሻሹ ላይ እህቱ መጣች። ገና በሩ ላይ ሲያያት ስለ ቤቱ ልትጠይቀው የመጣች መሰለው።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይቅር በለኝ» አለች። «ያቺ ምላሳም በሰው ፊት አሳጣችህ አሉ። ልኳን አሳይቻታለሁ።»

«መታሻት?»

«ታዲያ ልሳማት? አጎት አባት ነው እያልኩ አሳድጌ!»

«የጠየቀችው እኮ ልክ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱ ከጓዳ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ልጅ ናት፤ ተያት» አለ።

የእህቱ ፊት ፈካ። «እኔ ከወንድሜ ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት? ሞቼ ነው! ቤት ይገኛል፣ ወንድም ከየት ይመጣል?»

እፎይ አለ። እፎይ ማለቱ ራሱ ደግሞ አንገበገበው። ሕጉ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል፤ እሷ መቼም አትጠይቅም። ይህንን ሲያውቅ የኖረው እሱ ነው።

«መሽቷል፣ እዚሁ እደሪ።»

«አይ፣ ልጅቷን እያለቀሰች ነው ትቻት የመጣሁት። አከራያችንም በጊዜ ነው በር የምትቆልፈው።»

እስከ አጥሩ በር ሸኛት። «ነይ፣ ስለ ቤቱ እንነጋገር» የሚለው ቃል አፉ ላይ እንዳለ፣ እህቱ እየተጣደፈች የመንገዱን መታጠፊያ አለፈች።