ዘግይቶ የተሰፋው የማኬንዚ ኪልት

ላክለን ሙንሮ በሰሜን ስኮትላንድ፣ በዲንግዎል ከተማ ሠላሳ ዓመት ፖስታ አድሏል። ሰርግና በዓል በመጣ ቁጥር ሽብሽቡን ጉርድ፣ ቀዩን የሙንሮ ታርታን ኪልት ይታጠቃል። ስሙ ሙንሮ ነዋ! በዚያ አገር እያንዳንዱ ጎሳ ታርታን የሚባል የራሱ ዳማ ጥለት አለው፤ ሰው ስሙን ተከትሎ ነው የሚለብሰው። እንዲህ ልበስ የሚል ሕግ የለም፤ ያለው የሰው አፍ ነው። ስሙን ያወረሰው አባቱ ግን ልጁ ገና ሦስት ዓመቱ ሳለ መርከብ ተሳፍሮ የጠፋ ሰው ነው። እናቱን አግብቶ ላክለንን ያሳደገው ዱጋልድ ማኬንዚ ነው።

ልጁ ካትሪና ልታገባ ሁለት ወር ሲቀራት ቀዩን ኪልት ቢሞክረው ወገቡ አልገጥም አለ። አዲስ ማሰፋት ግድ ሆነ። ያኔ ለዓመታት ሲያብሰለስለው የኖረውን ነገር ቆረጠና ዱጋልድ ቤት ሄደ።

«አባባ፣ ለካትሪና ሰርግ ያንተን ልልበስ ብዬ ነበር፤ የማኬንዚን። ቅር ይልሃል?»

የሰማንያ አራት ዓመቱ ሽማግሌ ወደ ጓዳ ገባ። በወረቀት የተጠቀለለ አረንጓዴና ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ይዞ ወጣ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላህ የገዛሁት ነው። አጎትህ ሩሪ ቀዩን አሰፍቶ በጠዋት ቀደመኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎህ ለበስከዋ! የሚመርጠው ለባሹ ነው።»

ሆድ ይፍጀው ብሎ ሠላሳ ስምንት ዓመት! ላክለን ተናደደም፣ አፈረም።

ኪልት ሰፊዋ ኢሽቤል ጨርቁን ዘርግታ ለካች፤ ቀጥላም የላክለንን ቦርጭ ለካች።

«ይሄ የተገዛው ለቀጫጫ ጎረምሳ ነው። ከኋላ ሽብሽቡ መሳሳቱ ነው፤ ያስታውቃል። ከዚሁ ዓይነት አዲስ ልቁረጥልህ?»

«ይሄንኑ ስፊልኝ።»

አጎት ሩሪ ወሬው ሲደርሰው «የወንድሜን ስም ተሸክሞ የእንጀራ አባቱን ጨርቅ! ሰርጉን እግሬም አይረግጠው!» ብሎ ፎከረ። ግን ድግስ የሚያልፈው ሰው አይደለም፤ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የዱጋልድን ክንድ ደግፎ የቆመውን ላክለንን ዞሮ ቃኘው።

«ከኋላ ሲያዩህ የተነጨ ዶሮ መስለሃል! ምነው፣ ጨርቅ አጥሯት ነው ሰፊዋ?»

«ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የተገዛ ነው፣ አጎቴ» አለ ላክለን። «የዘገየሁት እኔ ነኝ።»