ሃጂራና ባለ ቋጠሮ ክሮቿ

ሃጂራ ሜትር ይዛ ትለካለች እንጂ ጽፋ አታውቅም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከጎኗ ቁልፍ መትከል ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ፤ በስፌት መኪናዋ አጠገብ እስክሪብቶ አይቼ አላውቅም። የሰፈሩ ሴት ትከሻና ወገብ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ግን የጭነት መኪና የሚነዳው ልጇ ሳሊም እንደወጣ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም አልሠራ አለ። ሁለት ሳምንት ድምፁን አልሰማችም። ያን ጊዜ መቀስ በእጇ ይዛ መቀስ መፈለግ ጀመረች። አንድ ቀን ደግሞ የጎረቤታችንን የዝናሽን ቀሚስ በእኔ ልክ ቆርጣ ሰፋችው። ዝናሽ እንደ ሸምበቆ ናት፤ እኔ ግን በጎኔ ካልሆነ በር አልገባም።

«ሃጂራ፣ ቀሚስ አልኩሽ እንጂ ድንኳን መች አልኩሽ?» አለች ዝናሽ።

ሁላችንም ሳቅን፤ ሃጂራ ግን አልሳቀችም። በሚመጣው እሑድ የእህቷ ልጅ የፈህሚያ ሰርግ ነው፤ የሙሽራዋንና የአራቱን ሚዜዎች ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ናት። መንገዱ ስለተዘጋ፣ ያ ጨርቅ ከተበላሸ ሌላ አይገኝም።

«አንዱን እንኳ ካበላሸሁ መኪናዬን ሸፍኜ ቤቴ እቀመጣለሁ» አለችኝ።

እጇን ይዤ ፋርማሲ ወዳለው ወደ አብዱልመናን ወሰድኳት።

«ልጄ፣ የሚያስታውስ ኪኒን ስጠኝ» አለችው።

«እትዬ ሃጂራ፣ እንዲህ ያለ ኪኒን ቢኖር በተማሪነቴ እኔ እጨርሰው ነበር! ለመሆኑ እንቅልፍ ይተኛሉ?»

«ስለ ልጄ እያሰብኩ ምን እንቅልፍ አለ?»

«በሽታዎ እሱ ነው። ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን እጅ የያዘውን አያስተውልም፤ ያላስተዋሉትን ደግሞ ከየት ያስታውሱታል?»

ደም እንድትመረመር ላካት። ቪታሚን ቢ አንሷት ስለተገኘ በቀን አንድ የሚዋጥ ሰጣት። «የጎደለውን ይሞላል እንጂ ጭንቀት አይነቅልም፤ ቶሎም አይጠብቁት» አላት።

ይባስ ብሎ ኪኒኑ ራሱ ሌላ ጣጣ ሆነ። «ውጫለሁ ወይስ አልዋጥኩም?» እያለች ቀኑን ሙሉ ታደርቀኛለች። ሲሰለቸኝ በስፌት መኪናዋ እጀታ ላይ ክር አሰርኩና «በዋጥሽ ቁጥር አንድ ቋጥሪ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱን ቋጠሮ አየች፣ አየችና ተነሳች። ፈህሚያንና ሚዜዎቿን አስጠርታ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ቀለም ያለው ክር አወጣች። ወገባቸውን በክሩ ዞራ ለክታ አንድ ቋጠሮ፣ ደረታቸውን ለክታ ሌላ ቋጠሮ፤ ከትከሻ እስከ እግር ለካችና እዚያው ላይ በጠሰችው። ሁሉንም ግድግዳው ላይ ሰቀለች።

«ሜትሩ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ሜትር ቁጥር ይነግረኛል፤ ቁጥሩ ይጠፋኛል። ክሩ ግን ሴትዮዋ ራሷ ናት።»

እሑድ አምስቱም ቀሚስ ልክ ሆነ። ዝናሽ እየዞረች ብትፈትሽ አንድም የላላ አጣች። «ኪኒኑ ሠራ ማለት ነው! ለእኔም ይታዘዝልኝ» ትላለች። «የሠራውስ ክሩ ነው» አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ።

በሳምንቱ መንገዱ ተከፍቶ ሳሊም ከአምባ ጊዮርጊስ ደወለ፤ በዚያው ቀን ገባ። ከዚያ ወዲያ ሃጂራ እንቅልፏን ጠገበች፤ መቀሷም መጥፋቱን ተወ። ክሮቹ ግን አልወረዱም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ አሁን እዚያ ተሰቅሏል፤ የእኔም አለ።

በቀደም ዝናሽ አየችውና «ይሄኛው ምነው ወገቡ ቁመቱን ሊያክል ደረሰ? ዛሬም ረስተሽ ነው?» አለቻት።

«የለም» አለች ሃጂራ፣ ወደ እኔ ሳታይ። «እሱ ልክ ነው።»