የወተት ቆርቆሮውና ትልቁ ትራያክ

አባቴ ቆቦ ውስጥ አናጺ ነው። ሙቀቱን የሚችልበት የራሱ ዘዴ አለው፤ ጠዋት ጠዋት የሥራ ቤቱን መሬት ውሃ ይረጭና ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይሠራል። እንጨት የሚያለሰልስበትን ግራይንደር ፍጥነት የሚቀንስበትን መቆጣጠሪያ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገጥሞ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ያንን ቆርቆሮ ባየሁ ቁጥር ይጨንቀኛል።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ በርትቶ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ባለ ሦስት እግር ዕቃ፣ ትራያኩን አቃጠለው። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ከወዳደቀ ዕቃ የፈታኋቸው ሁለት ትራያኮች ነበሩኝ። የትልቁ የብረት ጀርባ ከመካከለኛው እግሩ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ቆርቆሮ ላይ ከታሰረ ቆርቆሮው ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የትንሹ ጀርባ ግን ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ የተከለለ ነው።

አባቴ ትልቁን አድርጊልኝ አለ። ለእሱ ትልቅ ነገር ሁሉ ጠንካራ ነው፤ ምን ይደረጋል! ባስረዳው ሳቀብኝ፣ ፈሪ ነሽ አለኝ። አዎ፣ ፈሪ ነኝ፤ ኤሌክትሪክ የማይፈራ ጠጋኝ እኔ አላውቅም። ትንሹን ገጠምኩለት። ትንሽ ስለሆነ ቆርቆሮው ይግላል እያለ ሲነጫነጭ ሰነበተ።

አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሳለ ቁርስ በልቼ ወደ ሱቄ ስመለስ ጎረቤቴ አባትሽ መጥቶ ነበር አለችኝ። መሳቢያዬን ከፈትኩ። ትልቁ ትራያክ የለም። ራሱ ሊገጥመው ወስዶታል። ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ሲሆን መቼ ያነሳል። ኤሌክትሪክ ሲነካ የሚበራውን መፈተሻ ካቻቢቴዬን ይዤ ሮጥኩ። ከተማው ሁሉ መብራት ጠፋ ብሎ ያማርራል፣ እኔ ብቻ ያ ረቢ፣ ትንሽ አቆይልኝ እላለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ተነሳ፤ መብራት መጥቷል። ሩጫዬን ጨመርኩ።

ስደርስ እርጥቡ መሬት ላይ በባዶ እግሩ ቆሟል። እጁን ወደ ቆርቆሮው ዘርግቷል።

«አባዬ፣ እጅህን መልስ!»

ደንግጦ ዞረ። ካቻቢቴውን ቆርቆሮው ላይ ሳስነካው ቀይ አምፖሉ ቦግ አለ። አባቴም አየው። ሶኬቱን ነቀልኩት።

ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቅድም ገጥሜው መብራት ሳይመጣ እናትሽ ቆርቆሮውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላው ነበር» አለኝ።

እናቴ ከጓሮ ቡና ደርሷል እያለች ትጣራለች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማድረግ ጀመረ።