ከሳንባ «ነቀርሳ» የዳኑት ጋሽ ሰይድ

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰው ከሳንባ ካንሰር በኪኒን ዳኑ ተባለና የዶክተራችን እስክሪፕቶ ከእጃቸው ወደቀ።

ሰውዬው ጋሽ ሰይድ ናቸው። ሃያ ዓመት ጠጠር ማምረቻ ውስጥ አቧራ ሲውጡ ኖረዋል። እኛ ደግሞ ያ አቧራ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ የምናጠና ቡድን ነን።

መጠይቁን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሱት የቡድናችን መሪ ዶክተሩ ራሳቸው «የሳንባ ካንሰር»ን «የሳንባ ነቀርሳ» አሉት። እሱ እኮ በእኛ አገር ቲቢ ነው! ይህን በስብሰባ ላይ ብናገር «አንቺ ልጅ፣ አማርኛ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ከመስክ ሥራ አስወጡኝ።

ደሴ ቢሮ ወረቀት ስደረድር ከረምኩ። (ድርደራዬ ግን ያምር ነበር።)

ዛሬ ሰው ስለጎደለ ብቻ ወደ ጠጠር ማምረቻው ጠሩኝ።

«የሳንባ ነቀርሳ ይዞዎት ያውቃል?» ብለው ጋሽ ሰይድን ጠየቁ ዶክተሩ።

«አዎ፣ ስድስት ወር ኪኒን ውጬ ድኛለሁ፤ አልሃምዱሊላህ!»

«ከካንሰር?!»

«ኧረ አላህ ይጠብቀኝ! ካንሰር ማን አለ? ቲቢ ነው እንጂ። ምነው ዶክተር፣ አማርኛ አይሰሙም እንዴ?»

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እሺ፣ ስቄያለሁ።

ዶክተሩ መጠይቁን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «በይ አርሚው» አሉኝ።

«ወደ መስክ ከመለሱኝ አርመዋለሁ» አልኳቸው፣ ሁሉም እየሰማ።

«አብሽሪ ልጄ!» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። ዶክተሩም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሰኞ ጀምሮ ጠያቂዋ እኔ ነኝ።

እናንተስ እውነት ተናግራችሁ ወደተባረራችሁበት ሥራ ማን መለሳችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።