የሰርግ ካሴቱ ፖስተር

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ሳታገኝ ቤት በተቀመጠችበት ዓመት አንድ ፍርሃት ነበረብኝ። ለመምህርነት ትመዘገብና ሩቅ ክፍለ ሀገር ትመደባለች ብዬ እሰጋ ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፤ ከተመደቡ በኋላ ሩቅ ነው ብሎ መቅረት የለም። አባቷ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ቤት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ሥዕል ትችላለች። አዲሱ ገበያ ያለ አንድ ሙዚቃ ቤት ፖስተር የሚሥልለት ሰው ትቶት ስለሄደ፣ ባለቤቱ «አንድ ሠርተሽ አሳዪኝ፤ ካማረ ሥራው ያንቺ ነው» አላት። እግሬ የሚደርስበት ቦታ ነውና ደስ አለኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የታክሲ ላይ ጽሑፍ አንብቤ እስክጨርስ ታክሲው ያልፋል። የዚያን ሙዚቃ ቤት ግድግዳ ግን በዓይኔ ብቻ እለየው ነበር። ሹሩባና ማሲንቆ ካለ የባህል ዘፈን ነው። ጊታር ካለ፣ ፊደሉም ወደ ጎን ዘመም ብሎ ጥላ ከተሠራለት ዘመናዊ ነው። ዘፋኙ ፊቱን አዙሮ፣ ቀለሙ የማታ ሰማይ ከመሰለ ትዝታ ነው። ሁሉም ነገር ቀይ ሆኖ ክንድ ከተነሣ ማንም ያውቀዋል፤ እሱን ቆሜ አላይም ነበር።

ለልጄ የደረሳት የሰርግ ዘፈን ነው። ጥር ገብቷል፤ ጾሙ ሳይገባ መሸጥ አለበት። ባለቤቱ የሰጣት የዘፋኟን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ በሩ ላይ ተቀመጪልኝ፤ ልብሱንና ትከሻውን ካንቺ አያለሁ።»

«እኔን አሮጊቷን ሚዜ ልታደርጊኝ?»

«ፊቱ የሷ ነው። ዝም ብለሽ እንደ ሁልጊዜው ተቀመጪ።»

እንደ ሁልጊዜው ተቀመጥኩ። «አንገቷን ግን ሸፍኚው፤ ሰው ክፉ እንዳይናገርሽ» አልኳት። ሰማችኝ። ከኋላ ትልቅ ድንኳን ሣለች፤ የነጠላውን ጥለት በአረንጓዴና በወርቅማ ቀለም አሳመረችው። ጉርድ ፎቶ ላይ የሚስቅ ሰው የለምና ፊቱ ኮስተር እንዳለ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ተሰቀለ። ሽንኩርት የምገዛ መስዬ ከፊት ለፊት ቆምኩ። ሁለት ሴቶች ሲያልፉ አንደኛዋ ቀጥ አለች።

«ውይ! ይቺ ልጅ ሞተች እንዴ?»

«የቷ?»

«ዘፋኟ ናታ! ድንኳኑን አታዪም?»

«በሬዲዮ እንኳ አልሰማንም! በምን ሞተች?»

አንድ ሰውዬም ቆም አለና «ጭራሽ ሙሾ በካሴት መሸጥ ተጀመረ?» አለ።

ባለቤቱ ሮጦ ወጣ። «የምን ሞት ነው? ትናንት እዚህ ቆማ ስትስቅ ነበር! የሰርግ ዘፈን ነው!»

«ታዲያ ነጠላዋን ምን አስዘቀዘቃት?» አለችው ሴትዮዋ።

ዝቅ ብዬ ራሴን አየሁ። ጥለቱ አገጬ ሥር ነበር። ለቅሶ ስንሄድ ጥለቱን ወደ አንገት አድርገን ነው የምንለብሰው። ጥቁሩን ባሌ በሞተ በዓመቱ አውልቄያለሁ፤ ነጠላዬን ግን ዘቅዝቄ እንደቀረሁ ልብ አላልኩም። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተልኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ ስለ ነጠላ ሌላ ሰው የሚነግረኝ አይመስለኝም ነበር። ልጄ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን በሌላ አለባበስ አላየችኝም። ያየችውን ሣለች።

ባለቤቱ ፖስተሩን አውርዶ በሩ ላይ ለቆመችው ልጄ ሰጣት። «ልጄ፣ ሰርግ ደግሺልኝ ብልሽ ለቅሶ ቤት አደረግሽብኝ። እስከ ማክሰኞ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ቤት ስንደርስ ብሩሾቿን ሰብስባ ካርቶን ውስጥ ከተተች። «ለመምህርነት እመዘገባለሁ፤ በቃ» አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። አውጪው» አልኳትና በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ያዝኩት። ለመገልበጥ አፍታ የማይፈጅ ነገር ነው፤ እኔ ግን ይዤው ቆየሁ።

ልጄም ገባት። «ካልፈለግሽ ጎረቤት እጠይቃለሁ» አለች።

«ዝም ብለሽ ሣዪ።»

ጥለቱን ወደ ታች አወረድኩት። አንገቴን በረደኝ።

«ትከሻሽን ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

«እስክስታም ልውረድልሽ?»

ሳቀች። ፖስተሩ ከወረደ ወዲህ ገና መሳቋ ነበር። ዘፋኟንም ጥርሷ እንዲታይ አድርጋ ሣለቻት፤ በድንኳኑ ፈንታ አበባ የለበሰ መኪና አስገባች።

ማክሰኞ ተሰቀለ። እንደገና ሽንኩርት ልገዛ ሄድኩ። ሦስት ልጃገረዶች ፖስተሩን አይተው ሳይጠይቁ ገቡና «እስቲ ይቺን የሰርጓን ክፈትልን» ሲሉ ሰማሁ። ባለቤቱ ልጄን «ነገ በጠዋት ነይ» አላት።

ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ መንገድ ላይ አገኘችኝ። «ጎሽ፣ ነጠላሽን መለስሽው!» አለችኝ። ከሥዕሉ በኋላ እንደዚያው ለብሼው ነበር። ልዘቀዝቀው አሰብኩ፤ ሁለቱም እጄ ሽንኩርት ይዟል። ቤት ስደርስ አደርገዋለሁ ብዬ ሄድኩ፤ ቤት ስደርስም አላደረግሁትም።