ክንፍ አልገዛም ያለችው የአጣዬ ልጅ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ቁጡ ነው ይለኛል። ቁጣዬ ከፍርሃት እንደሚመጣ የምታውቀው ትልቋ እህቴ ብቻ ናት። አጣዬ የተቃጠለች ሰሞን የሆንኩትን ያየችውም እሷ ናት።

ነገሩ የሚጀምረው ከጌም ነው፤ አትሳቁብኝ። የምሠራው የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ በከተማችን ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ባጃጁም ሰውም ጥላ ፍለጋ ይገባል። ያኔ እኔ ባዶ ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን እከፍታለሁ። ጌሙ ከየአገሩ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ላይ የሚገባበት ዓይነት ነው፤ አንዱ ወታደር፣ አንዷ ሐኪም፣ ሌላው ነጋዴ ሆኖ ይኖርበታል። መግባት በነጻ ነው። ብር የሚጠይቀው ከገቡ በኋላ ነው፤ ለሰይፍ፣ ለፈረስ፣ ጀርባ ላይ ለሚለጠፍ የወርቅ ክንፍ።

እዚያ ውስጥ አንድ ድልድይ ላይ ቁጭ ብላ ዓሣ የምታጠምድ፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች ገጸ ባሕርይ አየሁ። እንደ ቀልድ «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩላት። «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ወንድሜ ከየት ነህ?» ብላ በአማርኛ መለሰችልኝ፤ አጻጻፌ የአገር ልጅ መሆኔን ነግሯታል። ያ ሁሉ የዓለም ሕዝብ በሚርመሰመስበት ቦታ ያገኘኋት ልጅ የአጣዬ ልጅ ሆና ቁጭ! ከእኛ ጠዋት የወጣ ሚኒባስ ሳይረፍድ የሚደርስባት አጣዬ።

ከዚያ ወዲህ ከቀትር በኋላ ድልድዩ ላይ መገናኘት ልማዳችን ሆነ። የአስር ሶላት አዛን ሲል «አዛን አለ» ብላ ትወጣለች። ስሟን አልጠየቅኋትም። ስልክ ቁጥሯንማ እንዴት ተደርጎ! በእኛ አገር ጨዋ ሰው የሰውን ልጅ እንዲህ በዋዛ ቁጥርሽን ስጪኝ አይልም፤ የፈለገ ሽማግሌ ይልካል። እሷም አልጠየቀችኝም። እሷ «ወንድሜ»፣ እኔ «እህቴ»፤ ይኸው ነበር። ይበቃናል ብዬ ነበር።

የምንጨቃጨቀው በዋጋ ነው። የጌሙ ባለቤቶች አንድ ሰሞን ለተጫዋቹ ሁሉ ጥያቄ ላኩ፤ ከጌሙ ምን ትፈልጋላችሁ፣ ክፍያውስ እንዴት ይሁን? ሁሉም በየወሩ እኩል ይክፈል ወይስ እንዳሁኑ በነጻ ተገብቶ ዕቃው ይሸጥ? እኔ ወርሃዊው ይሻላል ባይ ነበርኩ።

«ሁሉም እኩል ይክፈል። ብር ያለው ሰይፍ እየገዛ ለምን ይረግጠናል?»

«ያኔ እኔ በር ላይ ቀረሁ ማለት ነው» አለችኝ። «አሁን ቢያንስ ድልድዩ ላይ መቀመጥ በነጻ ነው።»

«አንቺ ከጌሙ የምትፈልጊው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ማንም የማይጠራኝ ቦታ ቁጭ ማለት። ቤት ውስጥማ ውኃ ስጪ፣ በር ክፈቺ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች ነው።»

ክንፍ ግዢ ስላት ትስቅብኛለች። «ለእግሬ ጫማ ሳልገዛ ለሥዕል ክንፍ? ወላሂ አላደርገውም!» ጌሙ ውስጥ ለሌለ ሰው መልእክት ለመተው እርግብ የሚሏት ነገር አለች፤ እሷም በብር ናት። «ሰላምታም በብር ሆነ? አስተግፊሩላህ» ትላለች። አንድ ሳንቲም ሳታወጣ፣ በትዕግሥት ብቻ፣ ባለ ክንፎቹ የሚቀኑባት ደረጃ ደርሳ ነበር።

ከዚያ አጣዬ እየተቃጠለች ነው የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ በኩል የሚመጣው መኪና ቆመ፤ ቀጥሎ ሰው በአይሱዙ ላይ እንደ እህል ተጭኖ መምጣት ጀመረ። አብዛኛው የያዘው ልጁንና ፍራሹን ነው። እኔ ስልኬን ከፈትኩ። ከገጸ ባሕርይዋ ስም አጠገብ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ጠፍቷል። እርግብ ገዝቼ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» ብዬ ላክሁ። ሌላ ገዝቼ «በሕይወት አለሽ?» አልኩ። መልስ የለም። ሌሊቱን ስልኬን ስከፍትና ስዘጋ አነጋሁ።

እህቴ ነገሩን ስነግራት አልሳቀችም። «ተነስ፣ ከመጡት ሰዎች እንጠይቅ» ብላ ተፈናቃዮቹ ወዳረፉበት ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። በር ላይ ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ሰጥቼ፣ «አባባ፣ አንዲት ልጅ እየፈለግሁ ነው» አልኳቸው።

«የማን ልጅ ናት?»

«አላውቅም።»

«ስሟስ?»

«አላውቅም አባባ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ታዲያ ምኗን ነው የምታውቀው?»

ነጭ ሻሽ ልል ነበር፤ ግቢው ሻሽ ባሰሩ ሴቶች ሞልቷል። ከመካከላቸው አንዷ ትሆናለች፤ አጠገቧ አልፌ ይሆናል። ወይም ደግሞ ከእነሱ ጋር ጭራሹን አልመጣችም። እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ።

ጌሙን ግን መክፈት አልተውኩም። ሰንበትበት ብሎ አንድ ከሰዓት፣ እዚያው ጆንያዬ ላይ እንዳለሁ፣ አረንጓዴው መብራት በራ። ከተጋደምኩበት ዘልዬ ተነሳሁ። ገጸ ባሕርይዋ በድልድዩ በኩል እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። ጀርባዋ ላይ የወርቅ ክንፍ አለ።

ያን ክንፍ ሳይ የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያ በፊትም በኋላም አላውቀውም። እሷ ክንፍ አትገዛም። ስለዚህ ስልኩ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል። በዚያ ሰሞን የሰው ስልክ ከሰው እጅ እንዴት እንደሚወጣ ደግሞ እናውቃለን። ሰላምታ እንኳን ሳልሰጥ መጻፍ ጀመርኩ፤ «ማነህ አንተ? ስልኩን ከየት አመጣኸው? ሌባ! ልጅቷን ምን አደረግሃት?» በእኔ አፍ የማይደገም ስድብም ጨመርኩበት።

መብራቱ ጠፋ።

ያኔ ደግሞ የባሰው ፍርሃት መጣ። ስለ እሷ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱንም በገዛ እጄ አባረርኩት። እርግብ ብልክበት አይመልስም። እህቴ ያን ቀን «ቢሰርቀውስ፣ ደህና አድርገህ ብትጠይቀው ምን ነበረበት?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ቀጥላ ግን እሷም አብራኝ ስልኩን ታይ ጀመር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ እህቴ መጋዘኑ ድረስ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሳለ መብራቱ ተመልሶ በራ።

«ስድብህን ጨረስክ?» ይላል ጽሑፉ።

«ጨረስኩ። አፉ በለኝ ወንድሜ።»

«ስልኩን ደብረ ብርሃን ነው የገዛሁት፣ ከነጌሙ። እውነቱን ለመናገር ስልኩ አሮጌ ነው፤ ዋጋ ያወጣው ጌሙ ነው። እኔ ከዜሮ ጀምሬ የምለፋበት ጊዜ የለኝም፤ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ ነበር የምፈልገው። ክንፉንም ለገጸ ባሕርይዋ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ትናንት ተናድጄ ትቼህ ነበር። ግን ሻጯ አማና ጥላብኛለች።»

አማና፣ አደራ ማለት ነው፣ የተቀበለ ሰው ሳያደርስ ቢተኛ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የእኛን አገር ሰው በዚህ አውቀዋለሁ። እህቴ ክንዴን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ድልድዩ ላይ የሚጠብቅ አንድ ቁጡ ሰው አለ ብላኛለች። በጣም ፈሪ ነው፣ ሳታደርስለት እንዳትቀር አለችኝ። እናቷን ይዛ ወጥታለች። በሸጠችልኝ ዋጋ ሁለቱም ወደ ዘመድ የሚወስዳቸው መኪና ተሳፍረዋል፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻቸዋለሁ።»

ማንበብ አቃተኝ። ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ሰውየው ግን አልጨረሰም ነበር።

«ሌላም በለው ያለችኝ አለ። እኔ አልገባኝም፤ አንተ ይገባሃል ብላለች። ‹አንድ ሳንቲም ያልከፈልኩለት ጌም ለእኔ ከፈለኝ፤ በነጻ ይሁን ማለቴ ልክ ነበርኩ በለው።›»

እሷ ናት። ክርክሩን አሸንፋ ነው የሄደችው። እዚያው ጆንያው ላይ ተቀምጬ እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ።

«ተርፋለች!» አልኳት እህቴን። «እናቷም ተርፋለች!»

እህቴም ማልቀስ ጀመረች። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ዱዓ ልታደርግላት ፈልጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ማን ልበል? ስሟን ንገረኝ።»

«እኔ እንጃ» አልኳት።